በሩን ለማን ከፈትን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! እኛ በየዩኒቨርሲቲው ተበትነን የምንማር የዚህችው አጥቢያ ልጆች ነን። ክረምቱ እየቀረበ ስለ ሆነ ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉትን ታናናሾቻችንን የምናስጠናበት የክረምት ጉባኤ ምዝገባ በቅርቡ ይጀመራል። ከምዝገባው በፊት ግን በዚህች ጽሑፍ ልንነግራችሁ የሚገባን አንድ ጥፋት አለን። እርሱን ሸሽገን «ኑ ተመዝገቡ» ብንል ያንኑ ጥፋት መድገም ይሆንብናል።

የመጀመሪያው ክረምት

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ30 ሺህ በታች፣ ይኸውም 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በሚቀጥለውም ዓመት ውጤቱ 3.2 በመቶ ሆነ። በየቤቱ ልቅሶ የገባ እስኪመስል ድረስ ልጆች አንገታቸውን ደፉ፤ ታናናሾቻቸውም «እነርሱ ካላለፉ እኛማ» ማለት ጀመሩ።

ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ስንመጣ አምስት ሆነን ተማከርንና በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ፊዚክስ ለማስጠናት ቆረጥን። ለምዝገባ ከስድሳ የሚበልጡ ልጆች መጡ። አግዳሚው የሚበቃው ለሠላሳ ነው። ምን እናድርግ ብለን ብዙም ሳንጨነቅ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ፈተና ሰጠናቸውና ከፍ ያለ ነጥብ ያመጡትን ሠላሳውን ተቀበልን። ፈተናውን ያወጣን እኛ፣ ያረምን እኛ፣ ስማቸውንም በአዳራሹ በር ላይ የለጠፍን እኛው ነን። ስማቸውን ፈልገው ያጡት ልጆች በኋላው በር እየወጡ ሄዱ። እኛም «ለከርሞ ያድርሰን» ብለን ሸኘናቸው።

ሥራው ሲጀመር ደስታችን ወሰን አልነበረውም። የተመረጡት ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ የሰጠናቸውን ጥያቄ ሁሉ ሠርተው ይመጣሉ። ነገር ግን ውለን ስናድር አንድ ነገር አስተዋልን። የአንዱ አባት መምህር ነው፤ የአንዷ እናት በባንክ ትሠራለች፤ የሌላው ታላቅ ወንድም ተመርቋል። «ምን ልትሆኑ ታስባላችሁ?» ስንላቸው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሕግ ባለሙያ ለማለት አፍታም አልፈጀባቸውም። መንገዱን ሳንነግራቸውም ያውቁት ነበር። በሞላ እንስራ ላይ ውኃ ስንጨምር ከረምን።

እንጀራ ይዛ የመጣችው ልጅ

በዚያው ዓመት ጾመ ፍልሰታ በተፈታ ዕለት በአዳራሻችን ለሚበላው ማዕድ እንጀራ በትእዛዝ የጋገረችው እናት ልጇን አስይዛ ላከች። ልጂቱን ከእኛ መካከል አንዲት እኅታችን አወቀቻትና ጠየቀቻት።

«አንቺ በምዝገባው ቀን መጥተሽ አልነበረም?»

«አዎን እትዬ። ጓደኛዬ ነይ ብላኝ ነው፤ እርሷ አለፈች።»

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ዐሥረኛን ጨርሻለሁ።»

«ከዚያስ በኋላ ምን ለመሆን ታስቢያለሽ?»

ልጂቱ ሳቀች። «እኔማ እናቴን አግዛለሁ። ዩኒቨርሲቲ እኮ የሚገባው የሚከፍል ሰው ልጅ ነው፤ እናቴ ከየት ታመጣለች?»

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ እንደሚማር፣ ድርሻውንም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ቀስ በቀስ እንደሚከፍል ይህች ልጅ አልሰማችም። መንግሥት ተማሪውን የሚያሳድርበትና የሚመግብበት ሥርዓት እንዳለም አታውቅም። እንዴት ታውቅ? በቤቷ የተማረ ሰው የለም፤ ጎረቤቷም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ይህች ልጅ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር በአንድ የመዝሙር ክፍል የቆመች ልጅ ናት! ስድስት ዓመት አብረናት ስንዘምር ይህን አንድ ነገር ሳንነግራት ቀረን። ሊነግራት የተከፈተውንም በር በፈተና ዘጋንባት።

የዚያን ዕለት ማታ ወረቀቷን ፈልገን አየነው። የተደበቀ ልዩ ተሰጥኦ አገኘንበት ብለን አንዋሽም። ማናችንም በዐሥረኛ ክፍል ሳለን እንጽፈው እንደ ነበረው ያለ ወረቀት ነው። በእኛና በእርሷ መካከል የነበረው ልዩነት የጭንቅላት ሳይሆን የጠያቂና የመካሪ ልዩነት ነበር።

ፊልጶስ ፈተና አልሰጠም

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ከልጅነታችን ጀምረን እናውቀዋለን። ያ ሰው ምን ጎደለው? የንግሥቲቱ የሕንደኬ ባለሟልና በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ ነበር። ሠረገላ አለው፤ መጽሐፉም በእጁ ነው፤ ማንበብም ይችላል። ፊልጶስ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ሲጠይቀው ግን የሚመራው ሰው ከሌለ እንደማይሆንለት በትሕትና ነገረው። የጎደለው አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነበር።

ፊልጶስ ያደረገውን እናስተውል። ጃንደረባው ወደ እርሱ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ እርሱ ወደ ሠረገላው ሮጠ። ምን ያህል እንደሚያውቅ መዝኖ ከዚያ በኋላ ሊቀርበው አልፈለገም፤ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ትምህርቱንም ሰውየው ካቆመበት ቦታ ጀመረለት። እኛ ግን በዚያ ክረምት ይህን ሁሉ ገለበጥነው። ተቀምጠን ጠበቅን፤ መዝነን መረጥን፤ የጀመርነውም እኛ ደስ ካለን ቦታ ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩት

ወጣቱን ከፍ ላለ ትምህርት የሚያነሣሣ ሥራ በእኛ አልተጀመረም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርደው ያገለግሉ ነበር፤ የሚበዙትም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ይሆኑ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይቶ የማያውቅ የወረዳ ልጅ ከእርሱ ብዙ የማይበልጥ ወጣት በሰሌዳው ፊት ቆሞ ሲያስተምር ሲያይ «ለካስ ይህ ነገር ለእኔም ይሆናል» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። በዚያው ዘመን በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረው የልዑል በእደ ማርያም ትምህርት ቤት ደግሞ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን አምጥቶ ዐሥራ ሁለተኛን ክፍል በዩኒቨርሲቲው አጠገብ እንዲማሩ ያደርግ ነበር። በእኛም ዘመን እንደ ባሕር ዳር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሳይንስ ማዕከል ከፍተው ለአካባቢው ተማሪዎች ቤተ ሙከራቸውን ያሳያሉ።

እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ሆኖም ሁለት ዓይነት መንገድ እንዳለ እንመልከት። አንዱ ጎበዙን መርጦ ወደ ላይ ማውጣት ነው፤ ሌላው ደግሞ ያልታሰበው ልጅ ወዳለበት መውረድ ነው። እኛ የመጀመሪያውን ብቻ መንገድ አድርገን ቆጥረን ነበር።

ከባሕር ማዶ የተገኘ ትምህርት

ስለዚህ ጉዳይ ስንጠይቅና ስናነብ በአሜሪካ ያለ አንድ ፕሮግራም ዐይናችንን ከፈተልን። አፕዋርድ ባውንድ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ተጀምሮ እስከ ዛሬ የዘለቀ ነው። የሚቀበላቸውም በአብዛኛው ቤተሰባቸው ድኻ የሆነና ወላጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ ያልጨረሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። በትምህርት ዘመኑ ያስጠናቸዋል፤ በበጋ ዕረፍታቸው ደግሞ ለስድስት ሳምንት ያህል በኮሌጅ ግቢ ውስጥ አሳድሮ ያስተምራቸዋል።

ፕሮግራሙ ይጠቅም እንደ ሆነ ለማወቅ ለአገሩ የትምህርት ሚኒስቴር ጥናት ተደርጎ ነበር። አመልካቹ ከቦታው ስለሚበዛ ልጆቹ በዕጣ ተለዩ፤ ከዚያም ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ለብዙ ዓመታት ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ዘገባ እንዳሳየው ሁሉም ተማሪዎች በአንድ ላይ ሲቆጠሩ ፕሮግራሙ ወደ ኮሌጅ በመግባታቸው ላይ ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነበር። ቀድሞውኑ «የኮሌጅ ዲግሪ እይዛለሁ» ብለው ያላሰቡትን ለብቻ ሲያዩአቸው ግን በእነዚህ ልጆች ላይ የታየው ለውጥ ትልቅ ሆኖ ተገኘ፤ የአራት ዓመት ኮሌጅ የገቡት ቁጥር በእጅጉ ከፍ አለ። በስሌቱ ላይ ሌሎች ሊቃውንት ክርክር አንሥተዋል። እኛ ግን ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። እንጀራ ይዛ የመጣችው ልጅ በፊታችን ቆመች። ብዙ ልንጠቅማቸው የምንችለውን ልጆች መርጠን ያስወጣናቸው እኛው ነን!

«ደካማውን ብንይዝ ምን እናተርፋለን?»

ይህን አሳባችንን ለአንዳንድ ወንድሞች ስናካፍል «ቦታው ጥቂት ከሆነ ተስፋ ላለው ልጅ መስጠት አይሻልምን? ደካማውን ይዘን ብንወድቅ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ስም አይጠፋምን?» የሚል ጥያቄ ቀረበልን። ጥያቄው ተገቢ ነውና ልንመልስ ይገባናል።

በመጀመሪያ፣ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ እንዴት እንደምንናገረው እናስብ። ትምህርት አልገባው ብሎ ሲገረፍ ሸሽቶ መሄዱን፣ በዛፍ ሥር ሆኖ ያችን ትል ወድቃ ስትነሣ አይቶ መመለሱን ለልጆች ሁሉ እንነግራለን። «እንደ ትሏ ሁኑ፤ ተስፋ አትቁረጡ» እንላቸዋለን። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ሌላም ሰው አለ፤ እርሱም መምህሩና አጎቱ አባ ጌዴዎን ነው። ያሬድ ይቅርታ ጠይቆ ሲመለስ መምህሩ «አንተማ ሞክረህ ያቃተህ ነህ» ብሎ በሩን ቢዘጋበት ኖሮ ዜማው ከየት በተገኘ? የትሏን ትዕግሥት ከልጆች እንጠብቃለን፤ የጌዴዎንን ትዕግሥት ግን ከራሳችን አንጠይቅም።

ሁለተኛ፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለውን የመክሊት ምሳሌ እናስታውስ። አንዱን መክሊት የተቀበለው አገልጋይ ፈርቶ ቀበረው። ይህን ስንሰብክ ሁልጊዜ ልጁን «መክሊትህን አትቅበር» እንለዋለን። በዚያ ክረምት ግን የሰውን መክሊት የቀበርን እኛ ነበርን። ፍርሃታችንም «ስማችን ይጠፋል» የሚል እንደ ነበረ አሁን ገብቶናል።

ሦስተኛ፣ ተስፋ ብቻውን ይበቃል አላልንም። ለአንድ ልጅ «ትችላለህ» ብሎ ክፍልፋይ ሳያስተምሩት መተው ማታለል ነው። በ2016 ዓ.ም. የአገር አቀፉ ውጤት 5.4 በመቶ መድረሱ ጥቂት ቢያጽናናም፣ ከመቶ ተማሪ ከዘጠና የሚበልጡት ዛሬም እንደሚቀሩ አንርሳ። ስለዚህ ተስፋውና ጥናቱ እንደ ሁለት የእርሻ በሬዎች በአንድ ቀንበር ሊጠመዱ ይገባል። አንዱ ብቻውን ከሳበ ትልሙ ይጣመማል።

ሁለተኛው ክረምት

በ2017 ዓ.ም. ክረምት አካሄዳችንን ለወጥን። ሰበካ ጉባኤው አግዳሚ አዋሰንና ቦታውን አርባ አደረስነው። ግማሹን ቦታ ራሳቸው መጥተው ለማይመዘገቡ ልጆች ትተን ሁለት ሁለት እየሆንን ወደ የቤቱ ሄድን። የቀረውን ግማሽ በጸሎት ጀምረን በዕጣ አከፋፈልን። ሐዋርያትም ማትያስን የለዩት በዕጣ ነውና በዚህ ማንም አልተቀየመም። በየሐሙሱ ከምእመናኑ መካከል አንድ ባለሙያ እየጠራን ነርሷ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ የሒሳብ ሠራተኛዋና መሬት ቀያሹ እንዴት እንደ ተማሩና በምን በምን እንደ ወደቁ ነገሯቸው። ልጆቹ ከሁሉ ይልቅ የወደዱት የመውደቁን ታሪክ ነው።

አንድ ቀንም አውቶቡስ ተከራይተን አንድ ዩኒቨርሲቲ አስጎበኘናቸው። ያች እንጀራ ይዛ የመጣችው ልጅ ቤተ መጻሕፍቱን ስናሳያት ዝም ብላ ነበር። የምግብ አዳራሹ በር ስትደርስ ግን ቆመች። ተማሪዎቹ ሳህናቸውን ይዘው ሲሰለፉ ብዙ ጊዜ አየችና «እነዚህ ሁሉ የሚከፍሉ ሰዎች ልጆች ናቸው?» አለች። «ብዙዎቹ እንደ አንቺ ናቸው» አልናት። አልመለሰችም፤ በመንገድ ሁሉ በመስኮቱ ስታይ መጣች።

ሁሉ ተሳካ ብለን አንናገርም። ሰዓቱን እንደ ልማዳችን ከቀኑ 8 ሰዓት በማድረጋችን ጫማ የሚያሳምሩና በመንገድ የሚነግዱ ልጆች ገበያቸውን ጥለው መምጣት አልቻሉም፤ አንዳንዶቹ ቀሩ። ዘግይተን ወደ ጠዋት አዛወርነው። አንድ ልጅ ደግሞ ለእኛም ለእናቱም ሳይናገር ወደ ዐረብ አገር በሚወስደው መንገድ ሄደ። ስሙ እስከ ዛሬ በመዝገባችን ላይ አለ፤ አልሰረዝነውም። በጸሎታችሁ አስቡት።

ያች ልጅ ግን ዘንድሮ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፈተናውን ታልፍ እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። እኛ የምናውቀው በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ወደፊት ለመሆን የምታስቢው» በሚለው መስመር ዝም ብላ እንዳላለፈችው ነው። «ነርስ» ብላ ጽፋለች።

ለምን እንወጣለን?

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። ዩኒቨርሲቲ መንግሥተ ሰማያት አይደለም። ያልገባ ሰው አይኰነንም፤ የገባም አይጸድቅበትም። በሙያ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ የተማረ፣ በንግድና በእርሻ በላቡ የሚኖር ሰው ከማናችንም አያንስም። እንድናዝንለት የሚገባን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ሳይሆን፣ በሩ መኖሩን ሳያውቅ ያለፈው ነው። አውቆ ሌላ መንገድ ከመረጠ ምርጫው ይባረክ።

የገባንም ብንሆን ሙሴን እናስብ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 እንደ ተነገረው የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ ከተማረ በኋላ ወንድሞቹን ይጎበኝ ዘንድ በልቡ አሰበ። የተማረ ሰው ወንድሞቹን ለማየት ካልወጣ ትምህርቱ በፈርዖን ቤት ቀርቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ውድ አባላት፣ ለዘንድሮው ክረምት አራት ነገር እንለምናችኋለን።

1ኛ/ እያንዳንዳችሁ ለምዝገባ ብቻችሁን አትምጡ፤ ራሱ የማይመጣ አንድ ልጅ ይዛችሁ ኑ።

2ኛ/ ሥራ ያላችሁ ታላላቆቻችን አንድ ሐሙስ ስጡን። መመረቂያችሁን ብቻ ሳይሆን ውድቀታችሁንም ንገሩልን።

3ኛ/ ጎበዞች የሆናችሁ ታናናሾቻችን አትከፉ፤ አልተባረራችሁም። አንድ አንድ ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡና አስጠኑ። የሚያስተምር ሁለት ጊዜ ይማራልና።

4ኛ/ በመዝሙር ክፍል አጠገባችሁ የቆመውን ልጅ በዚህ ሳምንት «ምን ልትሆን ታስባለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከሳቀ ሳቁ ሳይሸኛችሁ ቆሙና ሁለተኛ ጊዜ ጠይቁት።

ወደ ሠረገላው እንዲሮጥ ፊልጶስን የላከ መንፈስ ቅዱስ እግራችንን ያፍጥንልን። በስንፍናችን የዘጋነውን በር በቸርነቱ ይክፈትልን። ሄዶ የቀረውን ወንድማችንን በሰላም ወደ እናቱ ይመልስልን፤ ለተፈታኞቹም ማስተዋልን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

ከክረምት የጥናት ጉባኤ አስተባባሪዎች